የጎረቤቴ ነጭ ዱቄት

አሜሪካ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ በምኖርበት አፓርታማ ውስጥ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት አንዲት የስሪላንካ እናት ገቡ። በገቡ በሳምንታቸው፣ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በራቸው ሥር በነጭ ዱቄት የተሳለች ትንሽ አበባ አየሁ። እኔ ደግሞ ደጃፍ ላይ የፈሰሰ ነገር አልወድም። «ይሄማ መተት ነው!» አልኩና ተመልሼ ጠበሌን አምጥቼ፣ በስመ አብ ብዬ ረጨሁበት።

በማግስቱ አበባው እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔም ጨምሬ ረጨሁ። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩን አቋርጦ እኔ በር ድረስ መጣ!

በአራተኛው ቀን ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። የጠበሉን ጠርሙስ ይዤ በሩን በርገድ ሳደርገው፣ ሴትዮዋ ሲሚንቶው ላይ አጎንብሰው ሲስሉ እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው። ልጮህባቸው ነበር፤ ግን እጃቸውን ሳይ ፈዝዤ ቀረሁ። መጀመሪያ ነጠብጣብ ይደረድራሉ። ከዚያ ዱቄቱን በሁለት ጣታቸው መሃል እንደ ክር እያፈሰሱ፣ አንዷንም ነጠብጣብ ሳይነኩ ዙሪያዋን ይዞሯታል።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው በእንግሊዝኛ፣ ቁጣዬን ረስቼ።

«የሩዝ ዱቄት ነው። እኛ አገር ለበረከት ደጃፍ ላይ እንስለዋለን። ጉንዳንም ይበላዋል።»

«ታዲያ እኔ በር ላይ ምን አመጣው?»

ቀና ብለው የያዝኩትን ጠርሙስ በፍርሃት አዩት።

«ለእኔስ ያቺ ትንሿ ትበቃኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ጠዋት ጠዋት ድግምትሽን በሬ ላይ ስትረጪብኝ ጊዜ ነው ያሰፋሁት።»