የእናቴ ሁለት የፍግ ክምር

ዛሬ ጠዋት ጓሮዬ ላይ የበተንኩት ፍግ የሸተታት ጎረቤቴ አፍንጫዋን ይዛ፣ «በዚህ የበቀለ ጎመን እንዴት ይበላል?» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

ይህን ነገር ልጅ ሆኜ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ አንኮበር ሰምቼዋለሁ። እናቴ ጎመን ልትሸጥ ወደ ጦር ሰፈሩ ይዛኝ ሄደች። የሰፈሩ ጣሊያናዊ ሹም በምን እንዳበቀለችው በአስተርጓሚ ጠየቃት። «በፍግ» ብትለው ቅርጫቱን በእግሩ ገልብጦ «ቆሻሻ!» እያለ ጎመኑን ረጋገጠው። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰው ወታደሮቹን ጆንያ አስይዞ ቤታችን መጣ። ፍጋችንን ሊወስድ! ለራሱ አትክልት!

ጓሯችን ውስጥ ሁለት ክምር ነበረን። አንዱ ዓመት የከረመ፣ አፈር አፈር የሚል፤ ሌላው ገና እንፋሎቱ ያልበረደ የዶሮ ኩስና የበግ በጠጥ። እናቴ ትኩሱን አሳየቻቸው። «እማዬ፣ እሱ እኮ ተክል ያቃጥላል» ልል ስል ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ሲሄዱ «ዝም በይ፤ ያ ጎመን ሲረገጥ የተረገጥኩት እኔ ነኝ» አለች። ያኔ አልገባኝም። የጦር ሰፈሩ አትክልት እንዳለ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ግን በዓይኔ አየሁ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ጎረቤቴ አሁንም አፍንጫዋን እንደያዘች ነው።

«ጣሊያኑስ ባዕድ ነው» አልኳት። «አንቺ ግን ባለፈው እሁድ እኔ ቤት ‹ሲጣፍጥ!› እያልሽ ሁለት ጊዜ ያስጨመርሽው ጎመን ከዚሁ መደብ የተቆረጠ ነው።»