ከሐኪሙ የደበቅሁት ፅንስ

ቅዳሜ ገበያ በርበሬ እየመረጥሁ ሳለሁ ነው የጀመረኝ... በጃንሆይ ዘመን፣ እዚሁ ጎንደር። ከእምብርቴ በታች በስተግራ ውግት አደረገኝና በርበሬው ላይ ቁጭ አልሁ። አብረውኝ የነበሩት አማቴ እየጮኹ በጋሪ ጭነው ሐኪም ቤት አደረሱኝ።

እኔ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነኛ! ስንት ዘመን ልጅ ሳላይ ቆይቼ፣ ያን ሰሞን ገና የወር አበባዬ መቅረቱ ነበር። ፅንስ ሳይገፋ ከተወራ የሰው ዓይን ይበላዋል ይባላል። ስለዚህ ከባሌና ከአማቴ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

ሐኪሙ ገባ። ዓይኑ ትልልቅ ነው... እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

«እኅቴ፣ የወር አበባሽ ቀርቷል?»

«ኧረ ምን ቆርጦት!»

«አስወርዶሽ ያውቃል? ከትኩሳት ጋር የማህፀን ሕመምስ?»

«ምነው ጌታዬ! እኔ ጤነኛ ነኝ።»

ልብሴን ገለጥ አድርጎ የትርፍ አንጀቴን ጠባሳ አየ። «ይኸስ ኦፕራሲዮን አይደለም?»

«ወድቄ ነው።»

ላቤ ይንቆረቆራል፣ ትከሻዬ ሳይቀር ይጠዘጥዘኛል፣ እኔ ግን ጤነኛ ነኝ! የጠየቀኝ ሁሉ እኮ ደርሶብኛል። አንዴ አስወርዶኝ በትኩሳት ስቃጠል ሰንብቼ ነበር።

ሐኪሙ «እንግዲያው የአንጀት ነገር ይሆናል» ብሎ ሊወጣ ሲል፣ አማቴ ከደጅ ጮኹ። «እመቤቴ ማርያም፣ የዘንድሮውን ፅንስ አደራ! እንዳምናው እንዳይወርድብን!»

«አሜን!» አለ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ።

ሐኪሙ አንዴ አየኝና ሮጠ። ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዱኝ።

ስነቃ ፅንሱ የለም። «ማህፀንሽ ሳይደርስ ወደዚያ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ቱቦው ፈንድቶ ደም ሲፈስሽ ነበር» አለኝ። «አማትሽ የነገሩኝ ያ ትኩሳት ቱቦውን አበላሽቶት ይሆናል። ሆድሽ መቀደዱም፣ ልጅ መዘግየቱም ይህንኑ ያስጠረጥራል። አንዴ የደረሰባት ዳግም ሊደርስባት ይችላልና፣ ሌላ ጊዜ የወር አበባሽ እንደቀረ ወደ እኔ ነይ።»

አለቀስሁ። ያን ልጅ እንዴት ጓጉቼለት ነበር!

አማቴ እንባዬን እየጠረጉ «ምነው ልጄ፣ ለሐኪም ይዋሻል?» አሉኝ።

«የሰው ዓይን ፈርቼ እኮ ነው...»

«የቱን ሰው? እኔ እንደሆን ጸሎት ይያዝልሽ ብዬ ለማኅበርተኛው ሁሉ ነግሬ የለ!»

ለካስ በጎንደር ምድር ማርገዜን ያልሰማ፣ ሊያድነኝ የሚችለው ሰው ብቻ ኖሯል።