በሌለሁበት የተሰጠኝ ሹመት

ለክቡር አባቴ ለአቶ ሄራሞ፣ ለምወድሽ እናቴ ለታደለች፣ ለአጎቴ ለሎምበሶና ለመላ ቤተሰባቸው፣ ለእህቴ ለአስቴር ከነሕፃኗ፣ እንዲሁም ይህን ለአባታችን ለምታነብላቸው ለወንድሜ ለማርቆስ... ሰላምታዬ ለእያንዳንዳችሁ በየስማችሁ ይድረሳችሁ። የእናንተን ጤንነት አብዝቼ እመኛለሁ። የእኔን ግን ከታች ያለውን ካነበባችሁ በኋላ ራሳችሁ ፍረዱ።

ይህን በመንደራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በይፋ የምጽፈው፣ ወሬውም በይፋ ስለተሠራጨ ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት... እዚህ የካ በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛው ሹፌር ጋሽ ታምራት በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ አንተ ጉልበት አለህ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል አምጣልኝ፤ ወገቤን አሞኛል» አሉኝ። የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሕንፃ ሥራ ላይ አጣና ሲሸከም የከረመው ትከሻዬም ዕረፍት ይሻ ነበር። ሆኖም ሽማግሌ ለምኖኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ጀሪካን ይዤ ያንን ዳገት ወጣሁ።

ስመለስ የግቢው ሰው ሁሉ ደጅ ላይ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ጋሽ ታምራት ጀሪካኑን ከትከሻዬ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ሰብሳቢያችን!»

«የምን ሰብሳቢ?»

«የተከራዮች ሰብሳቢ ነዋ! በሙሉ ድምፅ ተመርጠሃል።»

«እኔ እኮ አልነበርኩም...»

«ታዲያ አለመኖርህ ምን ጎዳ? አንድም ተቃውሞ አልቀረበም!»

እውነቱን ልናገር... ደስ አለኝ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ በዚህ ከተማ «አንተ ልጅ» ከመባል በቀር ስም ያልነበረው ሰው፣ ወንበር ሲለቀቅለት ምን ይሰማዋል? ወዲያው ደወልኩላችሁ። እኔ ያልኩት «ሰብሳቢ ሆንኩ» ብቻ ነበር። ማርቆስ ግሩፑ ላይ «አስተባባሪ» ብሎ ጻፈ። አጎቴ «ኃላፊ» አደረጉኝ። አባቴ ሆሳዕና ገበያ ሲደርሱ ደግሞ የየካ ክፍለ ከተማ አስተዳዳሪ ሆኜ አረፍኩት።

የግቢያችን ችግር ምን መሰላችሁ? ሽንት ቤቱ ሞልቷል። ከሞላም ሰንብቷል። አከራያችን እትዬ አስካለ መጣጭ መኪና አላስጠራም ስላሉ፣ ሰዉ ሁሉ፣ ነፍሰ ጡሯ አበባ እንኳ ሳትቀር፣ ከግቢው በላይ ወዳለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው የሚወጣው። ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ። ኪራዩን በሰዓቱ የሚከፍል ሰው እንዲህ ይኖራል?

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ጋሽ ታምራት ጠሩኝ። «በል እንግዲህ ምራን። ሄደህ ንገራቸው፤ እኛ ከኋላህ ነን።»

እትዬ አስካለን በረንዳቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ግቢውን ሳቋርጥ የተለማመድኩት ንግግር ከአፌ ጠፋ።

«እትዬ... ተከራዮቹን ወክዬ ነው የመጣሁት። ሽንት ቤቱ...»

«ማንን ወክለህ?»

«ሁሉንም። ሰብሳቢያቸው ነኝ።»

ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡና ወደ ግቢው ጮኹ። «ሽንት ቤት ሞላብኝ የሚል ማነው? እስቲ ይውጣ!»

ዞር አልኩ። በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ልብስ ታሰጣ የነበረችው አበባ አንሶላው ጀርባ ተደበቀች። ሜዳው ላይ የቀሩት ጋሽ ታምራት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ወገባቸው አላስሮጥ ስላላቸው ይመስለኛል።

«ጋሽ ታምራት፣ እርስዎም አሉበት?»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ እንኳ ድርቀት ስላለብኝ እምብዛም አልሄድም።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰብሳቢ ነኝ አልክ? እንግዲያውስ ዕቃህን ሰብስብ። ወሩ ሲያልቅ ክፍሌን ልቀቅ።»

አመሻሹ ላይ አበባ በቀስታ ወደ በሬ መጣች። «ይቅር በለኝ ወንድሜ። አንተ የገባህበት ክፍል ለምን ባዶ የነበረ ይመስልሃል? የድሮው ሰብሳቢ ክፍል ነው። ከእሱ በፊትም የነበረው እንዲሁ ሆኖ ነው የወጣው።»

«ታዲያ እያወቃችሁ?»

«እኔ ልወልድ ደርሻለሁ... ተባርሬ የት ልግባ?»

እሷስ አሳዘነችኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ትናንት ደግሞ እንደገና ተሰበሰቡ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ልብሴን በማዳበሪያ ስከት፣ ከውጭ የሚባለው ሁሉ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል።

«እሺ፣ አሁን ማን ይሁን?»

«ይሄን ክፍል የሚከራየው ሰው ይሁን!»

አጨበጨቡ። እውነቴን ነው... አጨበጨቡ!

መታገሥ አልቻልኩም፤ ወጣሁ። «ገና ያልመጣ ሰው ትመርጣላችሁ? ስሙን እንኳ አታውቁትም እኮ!»

ጋሽ ታምራት እንደ አባት ረጋ ብለው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ከመጣማ እምቢ ይላል።»

ወገኖቼ፣ ዱላ ሲመጣ እንዲቀበልላችሁ ብቻ ከፊት የምታቆሙትን ሰው መሪ አትበሉት፤ ግድግዳ በሉት። ግድግዳ እንኳ ሲፈርስ ባለቤቱ ያዝናል።

አባቴ ሆይ፣ ገበያ ላይ ያወሩትን እባክዎ ራስዎ ያስተካክሉልኝ። ልጅዎ አልተሾመም፤ ከቤት ተባሯል። የምጠይቃችሁም ግልጽ ነው፤ ወደ አገር ቤት ልመለስ ወይስ እዚሁ ሌላ ክፍል ልፈልግ? ተመካክራችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ። ስትመካከሩ ግን ደውላችሁ ስልኩን መሐላችሁ አስቀምጡት... እኔ በሌለሁበት መወሰን ይብቃኝ።