የዓለሙን ፊት የሚያይ ስንት ነው?

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ዘርአብሩክ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከርሞ ያገኘው ሥራ ለሰው ቢያወሩት የሚያስቅ ነበር። ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ከቆመው ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ሆኖ፣ ከአላፊ አግዳሚው ስንቱ ቀና ብሎ እንደሚያይ መቁጠር ነው። አይ ዩኒቨርሲቲ! እናቱ ስለ ሥራው ስትጠየቅ ድርጅት ገብቷል ትላለች። ምን ትበል።

ማስታወቂያው የአንድ ቁጠባ ማኅበር ነው። ሥዕሉ ላይ ሸማ እየሠራ የሚስቀው ሰው ዓለሙ ይባላል፤ የኦቾሎ ሰው ነው። ፎቶው በተሰቀለ በክረምቱ ወባ ጣለውና ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሚያውቁት ሁሉ እዚያ ሲደርሱ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ የሞተ ሰው ሲስቅ ማየት ማን ይችላል? የማያውቁት ደግሞ ባጃጅ እንዳይገጫቸው መንገድ መንገዱን እያዩ ያልፋሉ። እንግዲህ ቁጠር ቢሉት ምኑን ይቁጠር።

የምታየው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የሟቹ ሚስት ወለቴ። ከሰሌዳው ማዶ ማንጎ ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ታየዋለች። ሌላ ፎቶ የላትም። ለለቅሶው እንኳ ታቅፋ የምታለቅስበት ፎቶ አጥታ ባዶ እጇን ነው የቆመችው።

አንድ ቀን፣ ለምን እንደሚቆጥር ጠየቀችው። የሚያይ ከጠፋ ሳያወርዱት አይቀሩም አላት። ማንም እንዲህ አላለውም፤ በግምቱ ነው። ወለቴ ፊቷ ጠቆረ። ከማግስቱ ጀምሮ ማንጎ የሚገዛትን ሁሉ እስቲ ቀና በል እያለች ትለምን ጀመር። ሰዉ ነካ አድርጓታል እያለ ይስቅባታል።

ዘርአብሩክ አንጀቱ አልቻለም። አዲስ አበባ ላለው የማስታወቂያ ድርጅት አለቃው ሲደውል ያየውን ትቶ፣ የሲቀላ ሰው ሁሉ ሳያይ አያልፍም ብሎ ነገረው። ውሸት አያውቅበትም፤ ያን ቀን ግን ቀለለው። ለወለቴም አይዞሽ፣ ማንም አይነካውም አላት። እጁን ይዛ መረቀችው።

ብዙም ሳይቆይ አለቃው ራሱ ደወለ።

«ጎበዝ! ይሄን ያህል ሰው የሚያየውን ቦታ ለቁጠባ ማኅበር በርካሽ አንሰጥም። ቢራ ፋብሪካ ወስዶታል፤ ሸራውን የሚቀይሩት ልጆች ዛሬ ይደርሳሉ።»

ለካ የሚቆጠረው ቦታውን በውድ ለመሸጥ ኖሯል። እውነቱን ቢናገር ኖሮ ቦታውን የሚመኘው ባልነበረ፤ ዓለሙም ፀሐይና ዝናብ እስኪጨርሰው እዚያው በኖረ። ዘርአብሩክ ዋሽቻለሁ ሊል ፈለገ፤ ሳይል ስልኩን ዘጋ። ቢያንስ ፎቶውን ፎቶ ላስነሳላት ብሎ ወደ ፎቶ ቤት በረረ። ፎቶ አንሺውን እየጎተተ ሲመለስ ሸራው ወርዶ፣ ተጠቅልሎ፣ መኪና ላይ ተጭኖ ሄዷል። በምትኩ የቢራ ማስታወቂያ ይወጥራሉ።

ወለቴ ማንጎዋን ሰብስባ ቆማለች። ምን ይበላት? የመጣው ይምጣ ብሎ ሊነግራት ቀረብ አለ። እሷ ግን ቀደመችው።

«አትዘን ልጄ። አንተማ ደክመህ ነበር። እኔ ነኝ ለምኜ ለምኜ የሚያየው ሰው ያጣሁት።»

ዘርአብሩክ አንገቱን ደፋ። እውነቱን አልነገራትም።