የሰዓቱ ጭራ

ዛሬ ሮዘተንቪል ፀጉር ቤት ፀጉሬን ስሠራ፣ ግድግዳው ላይ ያየሁት ክብ ሰዓት በልጅነቴ ቶኮዛ ወደነበረው የአጎቴ ስፓዛ፣ ወደ ትንሿ የሰፈር ሱቅ፣ መለሰኝ፤ የሳሙናውና የፓራፊኑ፣ የነጭ ጋዙ፣ ሽታ ሳይቀር መጣብኝ።

የሱቁ ሰዓት በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። አጎቴ ግን ሁሌ "በሐበሻ ስንት ነው?" ይለኛል፤ እኔም በጣቴ ስድስት እቀንሳለሁ። አንድ ጠዋት ትንሹ ቆጣሪ ስምንት ላይ ሆኖ፣ ከመሃል ወደ ኋላው የወጣችው አጭር ጭራ ሁለትን ስታሳይ አየሁ።

"አጎቴ፣ ጭራዋን ማየት ነው እኮ!"

ሰዓቱን አውርዶ ሰጠኝ። "ሁሌም ይሠራል? እስቲ አዙረሽ እዪው።"

አዞርኩት፤ ሠራ።

"ለምን?" አለኝ።

"እንጃ።"

"እኔም እንጃ። ስትደርሺበት ንገሪኝ።"

ስድስት የክቡ ግማሽ ስለሆነ ነው ብዬ እስክነግረው ቀናት ፈጀብኝ። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ተደነቀልኝ።

ባለፈው ዒድ ይህን ሳነሳ አክስቴ ሳቀች። "እሱ እኮ ድሮም ጭራዋን አይቶ ነው ሰዓቱን የሚናገረው።"

አጎቴ ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ። እኔም ያኔ ለምን "እንጃ" እንዳለኝ አልጠየቅሁትም። አላህ ዕድሜውን ያርዝምልኝ።