የእድር ድንኳን በሐይቅ ዳር

ዕቅዳችን ላንጋኖ ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፣ አንዷ የስልክ ኦፕሬተር፣ ሌላዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተመድባ አዋሳ የመጣች አስተማሪ። ሁለቱ ከወላጆቼ ቤት አጠገብ አንዲት የቀበሌ ቤት ተጋርተው ይኖሩ ስለነበር፣ እኔም ለእንቅልፍ ካልሆነ ከእነሱ አልለይም ነበር። የኦፕሬተሯ አጎት የመንግሥት ሾፌር ነው። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ በላንድሮቨር ሊያደርሰን፣ ድንኳንም ሊያውሰን ቃል ገብቶልን ስንት ጊዜ ጠበቅነው። በመጨረሻ ቀኑ ሲደርስ መኪናው ለስብሰባ የሚሄዱ ሰዎችን እንዲያመላልስ ታዘዘ። መኪናውም ድንኳኑም አብረው ቀሩ።

ኦፕሬተሯ ግን እጅ የምትሰጥ ሰው አይደለችም። «ውሃ ካማረን የገዛ ሐይቃችን ምን በደለን?» አለች።

አባቴ የእድራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። ከሸራ ድንኳኖቹ ትንሹን እንዲያውሰን ስለምነው እናቴ ከጓዳ ሰምታ፣ «በስመ አብ! በለቅሶ ድንኳን ሽርሽር?» ብላ አማተበች። አባቴ ሳቀና ሰጠን። ጋሪ ላይ ጭነን፣ ከከተማው የመጨረሻ ቤቶች አልፈን፣ ውሃው ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ወረድን።

ድንኳን መትከል እንዲያ አስቸጋሪ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዱን ምሰሶ ስናቆም ሌላው ይወድቃል። በስንት መከራ አቆምነው። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ተነሣና ቡታጋዙን ገልብጦ ላምባውን ዳቦአችን ላይ አፈሰሰው። ያን ቀን ያደርነው በሙዝ ነው። ማደራችንም ማደር ከተባለ! ትንኙ ሲበላን ነግቶ ስንወጣ የሦስታችንም ዓይን አብጧል፣ ቀልቷል፣ ፀጉራችን ተበትኗል። ብርዱ እስኪለቀን ብለን ጋቢ ተከናንበን ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጥን።

በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለን አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባችን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ደክሟቸው መስሎኝ ሙዝ ሰጠኋቸው። አልበላም በሚል እጃቸውን አወዛወዙና አንገታቸውን ደፉ። ቆይተው፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉን።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባን፣ በአቅራቢያው ካለ መንደር አንዲት አሮጊት ሁለት ሴቶች አስከትለው ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሐይቁ ሰው ሲወስድ ቤተሰቡ ሬሳው እስኪወጣ ዳር ላይ ድንኳን ተክሎ ይጠብቃል። የከተማ እድር ድንኳን፣ ዓይናቸው ያበጠ ሦስት ሴቶች፤ ሰዎቹ ምን ያስቡ?

ኦፕሬተሯን ሳቅ ያዛት። ጋቢዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሴቶቹ የባሰ አለቀሱላት። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወደ አሮጊቷ ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ማንም አልሞተም። ለመዝናናት ነው የመጣነው» አልኳቸው።

አሮጊቷ ሲዳማ ናቸው፤ አማርኛቸው ትንሽ ነው። መዝናናት የምትለው ቃል አልገባቻቸውም። እኔን ትተው አስተማሪዋን አዩ። ከሦስታችን ዝም ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። አገጯን በመዳፋቸው ቀና አድርገው፣ «ማነው ልጄ? ሐይቅ ማንን በላብሽ?» አሏት።

«ወንድሜን» አለች።

ልትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ተናድጄባታለሁ። ወንድም እንዳላት እናውቃለን፤ ውጭ አገር ይማራል ብላናለች። ጎኗን ነካ አደረግኳት። አላየችኝም።

«ሐይቅ አይደለም፣ እማማ» አለች። «ከቤት መጥተው ወሰዱት። ሬሳውንም አልሰጡን። እናቴን እንዳታለቅሺ አሏት።»

ቀይ ሽብሩ ገና ጋብ ማለቱ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ፣ ያውም ከማይታወቅ ሰው ፊት፣ አይነገርም። ኦፕሬተሯ ጋቢዋን ከፊቷ አወረደች፤ ሳቁ ከላይዋ ላይ ጠፍቷል። አስተማሪዋ አንዴ ከጀመረች በኋላ አላቆመችም። እናቷ ማልቀስ ሲያምራቸው ሬዲዮውን ከፍ አድርገው ጓዳ ይገቡ እንደነበር፣ ጎረቤት አይቶ እንዳላየ ያልፍ እንደነበር፣ ጥቁር መልበስ ስላልተቻለ አባቷ ዓመት ሙሉ ጢማቸውን አሳድገው «ቆዳዬ ታሞ ነው» ይሉ እንደነበር ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቀስ እያሉ ለአሮጊቷ ወደ ሲዳምኛ መለሱላቸው።

አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ ስሙን ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሁለት ዓመት አብረናት ስንኖር እኛም ስሙን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ያን ስም በቋንቋቸው ሙሾ ውስጥ አስገብተው ከፍ ባለ ድምፅ አወረዱት፤ ሴቶቹ ተቀበሉ። አስተማሪዋ ጮኸች። እኔ ከዚያ በፊት እንዲያ ያለ ጩኸት ከእሷ ሊወጣ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፅሽ አይሰማም ተብላ የምትወቀስ ልጅ ናት። አሮጊቷ ወገቧን አጥብቀው ይዘው እንደ ልቧ እንድታለቅስ ተዉአት። እኛም አለቀስን። ለእሱ ይሁን ለእሷ ወይስ እያንዳንዳችን በልባችን ለያዝነው ሐዘን አላውቅም።

ድምፁ ሰው ጠራ። አሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ዳር አስጠግተው መጡ፤ መንገደኛም ተጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል።

«ይሄ የምን ስብሰባ ነው?» አለ።

«ለቅሶ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የማን?»

ኦፕሬተሯ ክርኔን ጨብጣ ጥፍሯን ተከለችብኝ። አሮጊቷ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «የእሷ ወንድም ነው» አሉት፤ እጃቸውን ወደ ውሃው ዘረጉ። «ሐይቅ በላው። ሬሳ አልወጣም።»

ሰውዬው ውሃውን አየ፣ ድንኳኑን አየ። ኮፍያውን አወለቀና ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ሲነሣ ወደ አስተማሪዋ ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞሽ እህቴ፤ ሐይቁ አይደብቅም፣ ይወጣል» አላት። ከዚያም መንገዱን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ሴቶቹ ከየቤታቸው ቆጮና ወተት አመጡ። አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን አሣ ጠብሰው አቀረቡ። ኦፕሬተሯ ቀኑን ሙሉ እጅ አስታጥባ፣ ሰሃን ሰብስባ፣ ውሃ ቀድታ ዋለች፤ ስለዚያ ሳቋ ዛሬም ቢሆን አታወራም። አስተማሪዋ እህል ቀምሳ ድንኳኑ ውስጥ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልነቃችም። አሮጊቷ ዝንቡን እየከለከሉላት ራስጌዋ ተቀምጠው ነበር።

ሦስት ቀን ልንቆይ አስበን በማግስቱ ተመለስን። እኔና ኦፕሬተሯ ስለ አስተማሪዋ ወንድም ዝም ለማለት መሐላ አላስፈለገንም። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ታነሣልን ጀመር፤ መጀመሪያ የሚወደውን ምግብ፣ ቀጥሎ ኳስ ሲጫወት የሰበረውን የጎረቤት መስኮት። አንዳንዴ እያወራች ትስቅ ነበር። በፋሲካ አዲስ አበባ ሄዳ እናቷን ይዛ መጣችና አሮጊቷ ቤት ወሰደቻቸው። ሁለቱ እናቶች የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እኛ ውጭ ተቀምጠን ጠበቅን። ኋላ ከጎጆው ውስጥ ሁለቱም በአንድነት ሲያለቅሱ ሰማን።

እኛም ወደዚያ መንደር መሄድ ልማድ ሆነብን። ስኳር ከተገኘ ስኳር፣ ካልተገኘ ሳሙና ይዘን እንሄዳለን። ሽማግሌው ሲያገኙን «የለቅሶ ልጆች» ይሉን ነበር። አስተማሪዋ ከጊዜ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ሲደርሳት ለመሰናበት አብረናት ሄድን። አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና እጇን ይዘው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙን። ጋሪው መጥቶ ስንሳፈርም እጇን ቶሎ አልለቀቁም፤ ባለጋሪው ፈረሱን ገትቶ ጠበቃቸው።