የበሩ ሙቀትና የወለሉ ሙቀት

ሐርጌሳ እንደ አዲስ በምትገነባበት ዘመን፣ ኬሚስትሪ በማስተምርበት ቤተ ሙከራ የጠረጴዛው ዕቃ ተሟልቶ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምድጃው ግን ጄኔሬተሩ በጠፋ ቁጥር ይበርዳል። የእኔ ሥራ ደግሞ ለሰዓታት ያልተቋረጠ ሙቀት ይሻል። ከሁለት ፖሊመሮች የተጣመረ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅጠል ነበረኝ። አንደኛው ፖሊመር ሙቀት ይችላል፤ ሌላው ተሰባብሮ ጋዝ ሆኖ ይወጣና በለቀቀው ስፍራ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ሙቀቱ ካነሰ ደካማው አይወጣም፤ በድንገት ከበረታ ጋዙ ቅጠሉን ያፈላዋል።

ከውጭ ያመጣሁት ሁለት ቁራጭ ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚልክልኝ አልነበረም። ስለዚህ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወደሚገኝ፣ ከሐረርጌ ወደ መጣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሄድሁ። የጠዋቱ ዳቦ ሲወጣ ምድጃውን ለቀቀልኝ። ቴርሞሜትሬን በምድጃው አፍ አስገብቼ፣ የፈለግሁትን ቁጥር ሲያሳይ የመጀመሪያውን ቁራጭ ከተትሁ። እንደ ወተት አረፋ ነጥቶ ወጣ።

ጋጋሪው በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው።

«የሐርጌሳ ፍየል ካርቶን ይበላል፣ ጋሼ። ይኼን ግን የሚደፍረው አይመስለኝም።»

«ቁጥሩ ልክ ነበር» አልሁት።

«የምድጃው በር ሙቀት ልክ ነበር። የእርስዎ ዕቃ የተኛው ወለሉ ላይ ነው።»

በማግስቱ የመጨረሻውን ቁራጭ ለእርሱ ሰጠሁት። ፍሙን ጠርጎ አወጣና ቆንጠር አድርጎ ዱቄት ወለሉ ላይ በተነ፤ መቁጠሪያውንም በጣቶቹ ያንከባልል ጀመር። ዱቄቱ ቶሎ ጠቆረ።

«ወለሉ ገና አልበረደም።»

ጠብቆ እንደገና በተነ። በሦስተኛው ጊዜ፣ መቁጠሪያው ሠላሳ ሦስተኛው ፍሬ ላይ ሲደርስ ዱቄቱ ወርቅማ ሆነ። ያን ጊዜ ቅጠሉን በሸክላ ሰሌዳ ላይ አኑሮ ከምድጃው አፍ አጠገብ አስቀመጠ፤ በረጅሙ የእንጨት አካፋም ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ገፋው።

«ዳቦም ሲደነግጥ ይሰነጠቃል» አለኝ። «ዙህር ሰግጄ እስክመለስ እንዳይከፍቱት።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሳላይ አምኜ አላውቅም። ያን ቀን ግን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ሲመለስ ቢስሚላህ ብሎ አወጣው። እንደ ቀጭን ማር የጠራ ነበር።

«እንደገባ ወጣ፣ ጋሼ። ምን ሠራን ታዲያ?»

ቤተ ሙከራ ወስጄ ለካሁት። ክብደቱ ቀንሷል፤ ውፍረቱ እንዳለ ነው። ደካማው ወጥቷል፣ የለቀቀው ቤትም አልፈረሰም። መዝገቤን ከፍቼ «ሙቀት» በሚለው ዓምድ ሥር እንዲህ ጻፍሁ፦ «ዱቄት በሠላሳ ሦስት ፍሬ ወርቅማ እስኪሆን፤ ወለሉ ላይ።»